አገዳው ሲመዘን፦ ከሐረርጌ የማሽላ ማሳ እስከ መኖ ቤተ ሙከራ

በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ከሐረር ተራሮች ግርጌ፣ ደጫቱ ወንዝ ዳር ደረሰ። የመጀመሪያው ውጥን ሐረር ድረስ ማዝለቅ ነበር፤ ዳገቱ ግን ለባቡር የማይቀመስ ሆነ። ስለዚህ ከተማዋ እዚያው ሜዳው ላይ ተቆረቆረች። ዳግማዊ ምኒልክ «አዲስ ሐረር» ቢሏትም ድሬዳዋ የሚለው ስሟ ጸና። በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1902፣ ዊንደም ደንስታን እና ቶማስ ሄንሪ የተባሉ እንግሊዛውያን ኬሚስቶች በማሽላ ቡቃያ ላይ ያካሄዱትን ምርምር ለንደን ላይ አሳተሙ። ለጋ ማሽላ የበላ ከብት ለምን በድንገት እንደሚወድቅ መልስ ሰጡ፦ ቅጠሉ ሲታኘክ ሳያናይድ የሚለቅ ንጥረ ነገር በውስጡ አለ። ስሙን ዱሪን አሉት።

የባቡሩና የዱሪን መገጣጠም አጋጣሚ ነው። የድሬዳዋንና የዙሪያዋን የከብት መኖ ታሪክ ለሚከታተል ሰው ግን ሁለቱም መነሻ ይሆኑታል። ባቡሩ የሐረርጌን ከብት ከሩቅ ገበያ ጋር አገናኘ። ኬሚስቶቹ ደግሞ ገበሬው በዓይኑና በልምዱ ሲፈርድበት የኖረውን ማሽላ በቤተ ሙከራ መመዘን እንደሚቻል አሳዩ። ሁለቱ መንገዶች እስኪገናኙ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጀ፤ በደንብ ተገናኝተዋል ለማለት ዛሬም ያስቸግራል።

ከባቡሩ በፊት የሐረር ንግድ ወደ ዘይላ ወደብ የሚወርደው በጊልደሳ በኩል ነበር። ከደጋው በበቅሎና በአህያ የወረደው ቡና፣ ቆዳና ሌላም ጭነት እዚያ ወደ ግመል ይዛወራል። በቅሎው ሳይበላ ዳገት አይወጣም፤ ግመሉም ሳይበላ በረሃውን አይሻገርም። ሐዲዱ ድሬዳዋ ሲደርስ ጊልደሳ ደበዘዘች፤ የጭነት እንስሳቱ ሥራ ግን ወዲያው አላበቃም፤ ከጣቢያው እስከ ሐረር ያለው ዳገት የእነሱ ድርሻ ሆኖ ቆየ። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ድሬዳዋ የመሐል መናኸሪያ ሆነች፤ በስተሰሜን የኢሳ ሶማሌ አርብቶ አደር፣ በስተደቡብ የሐረርጌ ኦሮሞ ገበሬ፣ መካከል ላይ ገበያው።

አካባቢው ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ የሐረር ሰንጋ ነው። ከድሬዳዋ ተነስቶ የደንገጎን ዳገት የወጣ ሰው አየሩ ሲቀዘቅዝለት ማሳው እየጠበበ መሄዱን ያስተውላል። ጫት፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ድንች፤ ለግጦሽ የተተወ መሬት የለም ማለት ይቻላል። የብዙው ገበሬ ይዞታ አንድ ሄክታር አይሞላም። እንዲህ ባለ መሬት ላይ በሬ ማድለብ የማይሞከር ይመስላል፤ ሐረርጌ ግን በአገር ደረጃ ስሟ የተነሳው በዚሁ ሥራ ነው። ገበሬው በሬውን ብዙውን ጊዜ ከቆላው ገበያ ይገዛል፣ ጥቂት ዓመት ያርስበታል፣ ከዚያ ቤቱ አጠገብ አስሮ እያጎረሰ ያደልበዋል። በእርግጥም ማጉረስ ነው፤ የተከተከተው አገዳና ቅጠል በእጅ ወደ በሬው አፍ ይገባል፤ ሥራውም የቤተሰቡ ሁሉ ነው።

መኖው ከማሳው የሚወጣበት መንገድ በደንብ የታሰበበት ነው። በበልግ ዝናብ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ማሽላው ጥቅጥቅ ተደርጎ ይዘራል። ከሩቅ ለሚያይ የዘር ብክነት ይመስላል። ክረምቱ ሲገባ ገበሬው እያሳሳ ይነቅለዋል፤ የተነቀለው፣ በአካባቢው አጠራር ጭንቂ፣ ለበሬው ይቀርባል። ማሽላው ሲያድግ የታችኛው ቅጠል ይገፈፋል፤ እሱም መኖ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ እህሉ ሲሰበሰብ ረጅሙ አገዳ ተቆርጦ ይከመራል፤ ከፊሉ ለበጋው መኖ፣ ከፊሉ ለማገዶ፣ ከፊሉ ለቤትና ለአጥር ይውላል። ምርምሩ አጫጭርና ቶሎ የሚደርሱ ዝርያዎችን ሲያቀርብለት የሐረርጌ ገበሬ ሙይራንና ፈንዲሻን የመሳሰሉ የአገሩን ዝርያዎች አጥብቆ የያዘበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እሱ የሚያጭደው እህል ብቻ አልነበረም።

ጭንቂው ግን ያው ዱሪን የሚገኝበት ቡቃያ ነው። አደጋው የሚብሰው ተክሉ ከ50 ሳንቲ ሜትር በታች ሳለ፣ ድርቅ መትቶት ሲቀጭጭ፣ ወይም ከታጨደ በኋላ ዝናብ አግኝቶ እንደገና ሲያቆጠቁጥ ነው። ሳያናይዱ የሰውነት ሕዋሳት በደም የመጣላቸውን ኦክስጅን እንዳይጠቀሙበት ያግዳል፤ ብዙ የበላ ከብት በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ማሽላ በሚበቅልበት አገር ሁሉ ሰው የመርዙን ስም ባያውቅም ጠባዩን ያውቃል፤ ከብቱን ከለጋው ማሽላ ያርቃል፣ ያጨደውን ያጠወልጋል። ቤተ ሙከራ በዚህ ዕውቀት ላይ የጨመረው መጠንን ነው፤ በዚህ ማሳ፣ በዚህ ሳምንት፣ በአንድ ኪሎ ውስጥ ስንት ሚሊግራም እንዳለ ይናገራል።

መኖን የመመዘን ሥራ በአውሮፓ ሥርዓት የያዘው ከድሬዳዋ መቆርቆር 40 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ጀርመን ውስጥ፣ ጎቲንገን አጠገብ በሚገኘው የቬንደ የምርምር ጣቢያ፣ ሄኔበርግና ሽቶማን መኖን ወደ እርጥበት፣ አመድ፣ ስብ፣ ፕሮቲንና አሰር የሚከፋፍል ዘዴ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1883 ዮሃን ኬልዳል በኮፐንሃገኑ የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ናይትሮጅን የሚለካበትን ዘዴ ይፋ አደረገ። የተገኘው ናይትሮጅን በ6.25 ሲባዛ የፕሮቲን ግምት ይሰጣል። ዛሬም በየመኖ ቤተ ሙከራው የሚሠራበት ስሌት ነው። ጉድለቱም የታወቀ ነው፤ ናይትሮጅን ያለው ሁሉ ፕሮቲን አይደለም፤ ማዳበሪያ ዩሪያም ናይትሮጅን አለው።

ሳይሌጅ፣ በአገራችን የግብርና ባለሙያዎች አጠራር ገፈራ፣ በጽሑፍ የተስፋፋው በዚያው ዘመን ነው። ፈረንሳዊው ኦጉስት ጎፋር እርጥብ በቆሎን ከትክቶ በጉድጓድ አፍኖ ስለማቆየት የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1877 ታተመ፤ በሁለት ዓመት ውስጥም አሜሪካ ላይ በእንግሊዝኛ ወጣ። ፊንላንዳዊው ኬሚስት አርቱሪ ቪርታነን መኖው አሲድ ተጨምሮበት ሳይበላሽ የሚቆይበትን ዘዴ በማግኘቱ እ.ኤ.አ. የ1945ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ወሰደ። የነገሩ መሠረት ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። የጉራጌና የሲዳማ ሴቶች እንሰት ፍቀው፣ በቅጠል ጠቅልለው፣ ጉድጓድ ውስጥ አፍነው ቆጮ ሲያደርጉት የሚሠራው ያው የአየር መታገድና የረቂቅ ሕዋሳት ሥራ ነው። አየር ሲታገድ ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ይበረታሉ፤ አሲዱ ደግሞ አበላሺዎቹን ያስቆማል።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ወደ ድሬዳዋ ጎረቤት የመጣው በኦክላሆማ በኩል ነው። የኦክላሆማ እርሻ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1950 ኢትዮጵያን ጎብኝተው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተነጋገሩ። ብዙም ሳይቆይ «ፖይንት ፎር» በመባል የታወቀውን የአሜሪካ የቴክኒክ ዕርዳታ ፕሮግራም እንዲመሩ ተሾሙ፤ በታኅሣሥ 1951 እ.ኤ.አ. ኢራን ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። ውጥኑ ግን አልሞተም። ስምምነቱ በተከታዩ ዓመት ተፈረመ፤ ትምህርቱ ጅማ ላይ ተጀመረ፤ ኮሌጁም ከድሬዳዋ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በዓለማያ ሐይቅ አጠገብ ተገነባ። ንጉሠ ነገሥቱ በጥር 1950 ዓ.ም. መርቀው ከፈቱት። የኦክላሆማ መምህራን እ.ኤ.አ. እስከ 1968 ቆዩ። ተቋሙ በ1977 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የሚጠራው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ነው።

የቦታው ምርጫ ለመኖ ታሪክ ትልቅ ዕድል ነበር። የአገሪቱ ቀዳሚ የግብርና ኮሌጅ ሰንጋ ከሚደለብበት አገር መሐል ተተከለ፤ የተማሪው መኝታ ቤት መስኮት ሲከፈት የሚታየው የማሽላ ማሳ ነው። የማሽላ ምርምርም እዚያው ሥር ሰደደ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. ዶክተር ብርሃነ ገብረ ኪዳን የመሩት የማሽላ ማሻሻያ ፕሮጀክት ከዓለማያ ተነስቶ አገር አቀፍ ስም አተረፈ። እ.ኤ.አ. በ1973 ከዚያው ተመርቆ የወጣው ገቢሳ ኤጀታ የዶክተር ብርሃነ ደቀ መዝሙር ነበር፤ በድርቅ በሚጸናና አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ላይ በሠራው ሥራ እ.ኤ.አ. የ2009ን የዓለም የምግብ ሽልማት አገኘ።

ለብዙ ጊዜ ግን ማሽላን የሚያዳቅለው ሰው የሚመዝነው እህሉን ነበር። አገዳው ከሚዛኑ ውጭ ቀረ። የዚህን መዘዝ በግልጽ ያሳየው አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ማዕከል፣ በአጭሩ ኢልካ፣ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ፒተር ቫን ሶስት የመኖን አሰር በዲተርጀንት እያጠበ የሚለይ አዲስ ዘዴ አውጥቶ ነበር፤ የቬንደው ስሌት የሚሸፍነውን የማይፈጭ ክፍል ያጋልጣል። የእሱ ተማሪ የነበረው ጄስ ሪድ ከኢልካ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በዚህ ዘዴ የማሽላ አገዳን መረመረ። ውጤታቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ታተመ። ወፍ እንዳይበላቸው ተብለው የተመረጡት፣ ታኒን የሚበዛባቸው ማሽላዎች፣ በቅጠላቸውና በቅጠል ሰገባቸው ውስጥም መራራ ውህዶች ያከማቻሉ፤ አሰራቸውም በከብት ሆድ ውስጥ በቀላሉ አይፈጭም። ወፍን ለመከላከል የተመረጠ ዝርያ የበሬውን ምግብ ያበላሻል ማለት ነው። በኅዳር 1980 ዓ.ም. መጨረሻ ማዕከሉ ዝርያ አዳቃዮችንና የመኖ ባለሙያዎችን አዲስ አበባ ላይ ሰብስቦ በዚሁ ጉዳይ ላይ አወያየ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ አዲስ ዝርያ ሲለቀቅ አገዳውም ለምን አይመዘንም? የሐረርጌ ገበሬ ይህን ጥያቄ በራሱ መንገድ ሲጠይቅ ኖሯል።

ዓይን ምን ያህል እንደሚታመን የሚያሳይ ሌላ ምስክር ከሕንድ መጥቷል። ሃይደራባድ ከተማ የማሽላ አገዳ ለከተማ ላም አርቢዎች የሚሸጥበት ትልቅ ገበያ አላት። ኢልካን የተካው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ኢልሪ ባለሙያዎች ከነጋዴዎቹ አገዳ እየገዙ በቤተ ሙከራ መረመሩት። የመፈጨት መጠኑ 47 በመቶ በሆነውና 52 በመቶ በሆነው አገዳ መካከል የዋጋው ልዩነት 25 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ ተገኘ። ገዢዎቹ መሣሪያ የላቸውም፤ ቅጠሉን፣ ቀለሙን፣ ግንዱን አይተው ነው የሚከፍሉት። ከቤተ ሙከራው ጋር ግን ተስማሙ። ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ ላይ አገዳ ወይም ሣር አገላብጦ የሚገዛ ሰው በከንቱ አያገላብጥም።

የዓይን ወሰን የሚታየው ሳይሌጅ ላይ ነው። መልካም ሳይሌጅ ወርቃማ አረንጓዴ ነው፣ ሽታው ጎምዘዝ ብሎ ደስ ይላል፤ የተበላሸው እንደ ሻገተ ቅቤ ይከረፋል። እስከዚህ ድረስ አፍንጫ ይበቃል። ስንት ደረቅ መኖ እንዳለው፣ ፕሮቲኑ ስንቱ እንደፈረሰ፣ በሬው ከእሱ ሌላ ምን እንደሚያስፈልገው ግን አፍንጫ አይናገርም። ነገሩ ለድሬዳዋ ዙሪያ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በክረምት የሚተርፈው ጭንቂና የበቆሎ ቅጠል ለበጋው ሊቆይ የሚችለው በሳይሌጅ ነው፤ በአግባቡ ከተከተከተ፣ ከተጠቀጠቀና ከታፈነ በኋላ ሳያናይዱም ይቀንሳል።

አስተማማኝ ምርመራ የሚጀምረው ከጉድጓዱ አፍ ነው። ናሙናው ከአንድ ጥግ ከተቆነጠረ፣ የቀረው ሥራ ምንም ያህል ቢጠራ ስለዚያ ጥግ ብቻ ይናገራል። ስለዚህ ከብዙ ቦታ ይወሰዳል፣ ይቀላቀላል፣ ከድብልቁ ግማሽ ኪሎ ያህል አየሩ ተጨምቆ በወጣ የፕላስቲክ ከረጢት ይታሸጋል፣ ወዲያውም ይቀዘቅዛል። ማቀዝቀዙ ደጋ ላይ ምክር ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ግዴታ ነው። በዚያ ሙቀት አየር ያገኘ ሳይሌጅ በአንድ ቀን ውስጥ እርሾና ሻጋታ ይነሳበታል፤ አሲዱ ይበላል፤ ቤተ ሙከራ የሚደርሰው ጉድጓዱ ውስጥ ያለው መኖ ሳይሆን የመንገዱ ውጤት ይሆናል። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደንገጎን ወጥቶ ሐረማያ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ይህ ልዩነት ለድርቆሽ ብዙም አይደለም፤ ለሳይሌጅ ግን የውጤቱን ተአማኒነት ይወስነዋል።

ቀጥሎ ምድጃው ይመጣል። ድርቆሽም ሆነ አገዳ በ105 ዲግሪ ሲደርቅ የሚወጣው ውሃ ነው፤ ከመዘኑት በኋላ የቀረው ደረቅ መኖ ይባላል። ሳይሌጅ ሲደርቅ ግን ከውሃው ጋር አሴቲክ አሲድ፣ አልኮልና አሞኒያ አብረው ይተናሉ። እነሱም ከብቱ የሚጠቀምባቸው ናቸው። ስለዚህ ተራው ምድጃ የሳይሌጅን ደረቅ መኖ አሳንሶ ያሳያል። እንበል እውነተኛው 30 በመቶ ሆኖ ምድጃው 28 ቢል፣ በቀን 20 ኪሎ የሚቀርብለት በሬ 6 ኪሎ እየበላ በወረቀት ላይ 5.6 ኪሎ ይሆናል። ፕሮቲኑም እንዲሁ ነው፤ ናሙናው ደርቆ ከተለካ አሞኒያው ጠፍቷል፤ ስለዚህ የኬልዳል ምርመራ በእርጥቡ መሠራት አለበት። ጠንቃቃ ቤተ ሙከራዎች የተነነውን በስሌት ይመልሳሉ ወይም ውሃውን ብቻ በቶሉኢን እያነጠሩ ይለካሉ።

ሌሎቹ መለኪያዎች ቀለል ያሉ ናቸው። ፒ ኤች የሚባለው የአሲድነት መለኪያ ለማሽላና ለበቆሎ ሳይሌጅ ከ3.7 እስከ 4.2 ቢሆን ይመረጣል። ከጠቅላላው ናይትሮጅን ውስጥ አሞኒያ የሆነው ከ10 በመቶ ካለፈ ፕሮቲኑ መፍረሱን ያመለክታል። እነዚህን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ፒ ኤች ሜትሩ በየጊዜው በታወቀ ፈሳሽ መስተካከሉ፣ እያንዳንዱ ናሙና ሁለት ጊዜ መሠራቱ፣ ልኩ የታወቀ መቆጣጠሪያ ናሙና አብሮ መግባቱ ነው። ከዚያም አልፎ ቤተ ሙከራዎች አንድ ዓይነት ናሙና ተከፋፍለው ውጤታቸውን ያስተያያሉ፤ አይ ኤስ ኦ 17025 የተባለው የቤተ ሙከራዎች ደረጃ ከሚጠይቃቸው ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው። በኢንፍራሬድ ብርሃን በደቂቃ ውስጥ መኖን የሚያነበው መሣሪያ፣ አሜሪካዊው ካርል ኖሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1976 ለመኖ ያስተዋወቁት፣ ብዙ ድካም ያቀልላል። እሱም ግን ራሱ አያውቅም፤ በኬሚስትሪ በተመረመሩ ናሙናዎች መሠልጠን አለበት። በአሜሪካ በቆሎ የሠለጠነ መሣሪያ የሐረርጌን ጭንቂ ሊስት ይችላል።

ከብት የሚያደልበው ሰው ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያስፈልገው የሚያሳየው የለውዝ ፋጉሎ ነው። የማሽላ አገዳ ፕሮቲን ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ነው፤ በከብት ጨጓራ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት በወጉ እንዲሠሩ ግን ከ7 በመቶ ያላነሰ ይፈልጋሉ። ጉድለቱን የሚሞላ ነገር ሐረርጌ በእጇ አላት። ባቢሌ፣ ፈዲስና ጉርሱም የለውዝ አገር ናቸው፤ ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው ፋጉሎ 40 በመቶና ከዚያ በላይ ፕሮቲን አለው። በሐረማያ በተካሄዱ የማድለብ ሙከራዎች አገዳ፣ የለውዝ ሐረግና ፋጉሎ ለበግና ለፍየል እየተቀየጡ ተጠንተዋል፤ ከጫት ተራ የሚተርፈው ገራባም ሳይቀር።

ለውዝ ግን ከአፍላቶክሲን ጋር ይመጣል። ይህ የሻጋታ መርዝ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮዎች ከብራዚል በመጣ የለውዝ ፋጉሎ ሲያልቁ ነው። ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም፣ ሲበስልም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት ከባቢሌ፣ ከዳሮ ለቡ፣ ከፈዲስና ከጉርሱም ከተሰበሰቡ 120 የለውዝ ናሙናዎች 93ቱ አፍላቶክሲን ተገኝቶባቸዋል፤ በከፋው ናሙና መጠኑ በኪሎ ከ11 ሺህ ማይክሮግራም በላይ ነበር። ፋጉሎውን የበላች ላም መርዙን ቅርጹን ለውጣ በወተቷ ታወጣዋለች። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ከ110 የወተት ናሙናዎች ሁሉም መርዙ ነበረባቸው፤ ከአውሮፓው ገደብ፣ ከ0.05 ማይክሮግራም በሊትር፣ ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። እዚያ ዋናው ምንጭ የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። የተመረዘ ፋጉሎ በመልኩ ከንጹሑ ላይለይ ይችላል፤ የሚለየው ቤተ ሙከራ ነው። ሳይሌጅም አየር ከገባው ሻጋታ ይበቅልበታል፤ የሻገተውን ጥሎ የቀረውን ማብላት ብቻ ደግሞ ሁልጊዜ አያድንም።

የምርመራ ወረቀት ገበያን እንዴት እንደሚዘጋና እንደሚከፍት ይህ አካባቢ አንድ ጊዜ በከባዱ ተምሯል። በመስከረም 1993 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትን ምክንያት አድርጋ ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣ እንስሳ ከለከለች። በጎቹን፣ ፍየሎቹንና ግመሎቹን ወደ ወደብ ሲያወርድ የኖረ አርብቶ አደር ለዓመታት ተጎዳ። ጅቡቲ ዳመርጆግ ላይ እ.ኤ.አ. በ2006 የተከፈተው የእንስሳት ማቆያ የዚያ እገዳ ልጅ ነው፤ እንስሳው የሚያልፈው ደሙ ተመርምሮ ነው። ስለ በሽታ ይህን ያህል ተሠራ። ስለ መኖ አገሪቱ በ2004 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 728 አውጥታለች፤ የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ሥራውንም በኋላ የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ተረክቦታል። ሕጉ አለ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚሮጠው የኤሌክትሪክ ባቡርም በድሬዳዋ ያልፋል።

የቀረው ቅርበት ነው። በዚህ አካባቢ ለ60 ዓመት የተከማቸው የመኖ ምርመራ ዕውቀት አብዛኛው በመመረቂያ ጽሑፍና በምርምር መጽሔት ውስጥ ተቀምጧል። አሥር በሬ የሚያደልብ፣ በድሬዳዋ ዳር የመልካ ጀብዱ ሰው ወይም አራት የወተት ላም ያላት የከተማ እናት ናሙና ይዘው የሚያንኳኩበት በር ግልጽ ሊሆንላቸው ይገባል። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ መኖ መርማሪ ባለሙያና መሣሪያ ያፈራ ተቋም ነው፤ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማው ውስጥ አለ። ሁለቱ ከከተማው አስተዳደር ጋር ተስማምተው ድሬዳዋ ላይ አንድ የናሙና መቀበያ፣ አንድ ማቀዝቀዣ፣ በሳምንት አንድ ቀን ደንገጎን የሚወጣ መኪና ቢያዘጋጁ አብዛኛው ሥራ ያልቃል። የውጤት ወረቀቱም በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይጻፍ፤ ከመቶኛው ጎን «ለዚህ በሬ በቀን ይህን ያህል ኪሎ» የሚል መስመር ይኑረው። የግብርና ባለሥልጣን ደግሞ ቤተ ሙከራዎቹ ውጤታቸውን በየዓመቱ እንዲያስተያዩና ልዩነቱን ለሕዝብ እንዲያሳውቁ ያድርግ፤ ሰው የሚከፍልበት ቁጥር የሚታመን መሆኑን የማወቅ መብት አለው። አድላቢዎችም በበኩላችሁ ፋጉሎ በኩንታል ከመግዛታችሁ በፊት ናሙናውን አስመርምሩ፤ ሻጩንም የምርመራ ወረቀት ጠይቁት።